የፓትሮል ሞተር የገባላት ዳትሰን

የወርቅውሃ አንለይ ሹፌር ሆና ስንት ዓመት ስትኖር፣ የሮጠ ሰው ቀድማ አታውቅም ነበር። የምትነዳው ትራክተር ነው። ያውም ማረሻ የሚጎትት ትራክተር፤ ከኋላዋ የሚሄድ ሰው ማንጎ እየላጠ፣ ወሬ እያወራ ይደርስባታል። በአሶሳ የሰፈራ ጣቢያ ሴቶችም ለትራክተር ሥልጠና ይመዝገቡ በተባለበት ዓመት፣ ድርቁ ከወሎ ነቅሎ ካመጣቸው ወላጆቿ ጋር አምባ ስምንት በሚባል መንደር የምትኖር ኮረዳ ነበረች። አሠልጣኙ ብዙ አልጠየቃትም። «እግርሽ ፍሪሲዮኑ ላይ ይደርሳል?» አላት። ወጥታ ተቀመጠችና ረገጠችው። ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ ያቺን ሰማያዊ ቤላሩስ ትራክተር ከእሷ ሌላ የሚያስነሳት ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን በጆሮዋ ታዳምጠዋለች፤ ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ ሥራ ሳይጀመር ታውቃለች። መካኒኮቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ቆይተው ግን መፍቻ ያቀብሏት፣ ቆይተውም ራሷ እንድትፈታው ይተዉላት ጀመር። በዚህ ዓይነት መንዳቱንም መጠገኑንም ተማረች። አንድ ነገር ብቻ ይቆጫት ነበር። ወደ ነቀምቴ የሚያልፉትን መኪኖች ከእርሻው ዳር ሆና ታያቸዋለች፤ አቧራ ጥለው ሄዱ። እሷ ከእርሻው ጫፍ እስከ ጫፍ ደርሳ ስትመለስ ፀሐይ ቦታዋን ቀይራ ትጠብቃታለች።

በጣቢያው ጋራዥ ጓሮ ማንጎ ዛፍ ሥር አንዲት መኪና ቆማ ነበር። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ለሁለት ሰው የተሠራች፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ ዳትሰን ናት። ቀለሟ ብርቱካን እንደነበረ የሚታወቀው ከበሩ ጀርባ ነው። የአንድ ደምቢ ዶሎ ቡና ነጋዴ ልጅ ለውድድር ብሎ ያስመጣት ናት ይባላል። አብዮቱ ሲመጣ ተወርሳ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆይታ አሶሳ ደረሰች፤ እዚያም ሞተሯ ለውሃ መሳቢያ ተብሎ ተነቀለና ለችግኝ ውሃ ሲስብ ኖሮ አርጅቶ ሞተ። አካሏ ግን ቀረ። የወርቅውሃ ምሳዋን የምትበላው እዚያች መኪና ውስጥ ገብታ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ጥላ ሥር ጋደም ሲሉ እሷ መሪውን ይዛ፣ በተሰነጠቀው መስተዋት ወደ ፊት ትመለከታለች። «የወርቅዬ፣ የት ደረስሽ?» ይሏታል። «ጊምቢን አልፌያለሁ» ትላቸዋለች።

ደርግ ወደቀ። ትራክተሮቹ መለዋወጫ አጥተው አንድ በአንድ ቆሙ፤ ሰማያዊዋም ቆመች። የወርቅውሃ በመሃሉ አግብታ ፈትታለች፤ ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ከእሷ ልብስ የናፍጣ ሽታ እንዲጠፋ ይፈልግ ነበር፤ አልጠፋም። ወደ ታላቅ እህቷ ወደ እታለም ቤት ተመለሰችና ወፍጮ መጠገን ጀመረች። በዚያ አካባቢ ያለ የናፍጣ ወፍጮ ሁሉ እሷን ያውቃታል ማለት ይቻላል። ከመንጌ ሲጠሯት፣ ከሆሞሻ ሲልኩባት፣ ከባምባሲ ሲመጡባት፣ የመፍቻ ከረጢቷን ይዛ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ትሄዳለች።

አዲሱ ክልል ሲቋቋም አሶሳ ዋና ከተማ ሆነች። ከአዲስ አበባም ከነቀምቴም ሠራተኞች መጡ፤ ቢሮ የሌለው ቢሮ በዛ፤ የአንዱ ሰንደቅ ዓላማ ሳይሰቀል የሌላው እንጨት ይተከላል። የድሮው ጋራዥ ጓሮም ለቢሮ ግንባታ ይፈለጋል ተባለና በውስጡ ያለው ኮተት በጨረታ እንዲሸጥ ተወሰነ። ሰው ቆርቆሮውን፣ ቱቦውን፣ አሮጌ ጎማውን ተሻማ። ዳትሰኗ ላይ ሲደረስ ሁሉም ዝም አለ። አጫራቹ «ለዶሮ ቤትም ትሆናለች» ብሎ ሰውን አሳቀ። የወርቅውሃ እጇን አወጣች። ሌላ እጅ አልወጣም።

መኪናዋን ወደ ቤት የወሰደቻት በሬ ጠምዳ ነው። እታለም ደጃፍ ላይ ቆማ፣ በሬዎቹንም መኪናዋንም እህቷንም በየተራ አየቻቸው።

«እኔኮ ጨረታ ስትይ ጥጃ ነገር የምታመጪ መስሎኝ ነበር።»

«ይቺም ትነሳለች» አለች የወርቅውሃ።

«ሆድ ዕቃ የላትማ!»

«ይገኝላታል።»

በከተማው የታወቀው የጭነት መኪና መካኒክ ሰራዊት ይባላል። በጦሩ ጋራዥ ያደገ፣ ቁም ነገረኛ፣ ያየውን የማይሸሽግ ሰው ነው። የወርቅውሃ ጠራችውና አሳየችው። ዙሪያዋን ሄደ፤ ኮፈኑን አንስቶ ባዶውን ጉድጓድ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«የዚች ሞተር ስድስት ሲሊንደር ነው» አለ። «እሱን እዚህ አገር አታገኚውም። አራት ሲሊንደር ታስገቢባት እንደሆነ ለእንደዚህ ያለ ሰውነት ያሳፍራል። ሌላ ስድስት ሲሊንደር ብታገኚ ደግሞ የከባድ መኪና ነው የሚሆነው፤ አፍንጫዋን ይደፋዋል። እውነቱን ንገረኝ ካልሽ የማይሆን ነገር ነው።»

«ንገረኝ አላልኩህም። እያት ነው ያልኩህ።»

ሰራዊት ቅር ሳይለው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሄደ። እሷ ግን የነገራትን ግማሽ ያዘች፤ ስድስት ሲሊንደር የሚለውን።

ስድስት ሲሊንደር ያለው ሻዕባን ዘንድ ነበር። ሻዕባን የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ወደ ኩርሙክ መንገድ ሰሊጥና ጨው ሲያመላልስ የኖረ፣ መንጌ ወፍጮ ያለው፣ ሽበቱ ያማረ ነጋዴ። ኒሳን ፓትሮሉ ክረምት ላይ አንድ ወንዝ ዳር ተንሸራትቶ ተገልብጦበታል፤ እሱ ጭረት እንኳ አልነካውም፣ የመኪናው አካል ግን እንደ ተረገጠ ጣሳ ሆኗል። የወርቅውሃን የሚጠራት በወንድ ነው። አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንተ ስለሚል ማንም አይቀየመውም።

«ወላሂ፣ የወርቅ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው» አላት። «ጀሰዱ፣ አካሉ ብቻ ነው የሞተ። ብዙ ሰው ጠየቀኝ፤ አልሰጠሁም። አንተ ለምን ፈለገ?»

ነገረችው። ሳይስቅ ሰማት። ስትጨርስ ጢሙን ይዞ ጥቂት አሰበ። ደርግ በወደቀበት በዚያ መጥፎ ጊዜ፣ መንገዱ ተዘግቶ ናፍጣ እንኳ ሲጠፋ፣ ወፍጮው እንዳይቆም በእግሯ እየመጣች ያቆየችለት እሷ መሆኗን አልረሳም።

«ውሰድ» አላት። «ሸርጥ አለኝ ግን፣ ውል። መኪናው የተነሳ ቀን አጠገብህ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይቀድምም።»

«አጠገቤ እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ሻዕባን።»

«ኻላስ። ሞተሩ ያንተ ነው።»

ሞተሩ ከነካምቢዮው በአይሱዙ መጣ፤ ከሰል በጫነ አይሱዙ ላይ፣ በከረጢቶቹ መሃል ተቀምጦ። በእታለም ግቢ ባለው ማንጎ ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለት አስረው ሲያወርዱት ቅርንጫፉ አቃሰተ። የወርቅውሃ ዳትሰኗ አጠገብ አስቀመጠችውና ሁለቱን በክንዷ ለካቻቸው። ረዘም ይላል። ቁመቱም ይበልጣል። ግን ፈጽሞ የማይገባ አይደለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እታለም ምግብ ይዛላት ብትመጣ፣ እህቷ አንድ ጊዜ ከሞተሩ፣ አንድ ጊዜ ከመኪናዋ ጋር ስትነጋገር አገኘቻት።

ብየዳውን የሚሠራላት ቦዔዝ ነው። ከወለጋ የመጣ ጴንጤ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ ውስጥ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖና ጀኔሬተር ያለው ብቸኛ ሰው። መዝሙር እያንጎራጎረ ይበይዳል፤ ብየዳው ጥሩ ሲሆን ድምፁ ከፍ ይላል። የሞተሩን መቆሚያ ከጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጠው ሠሩ። የዘይቱን ማጠራቀሚያ ከመሪው ዘንግ ጋር እንዳይጋጭ ቆርጠው እንደገና ቅርጽ ሰጡት። ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፉት። ከካምቢዮው ወደ ኋላ እግሮች የሚሄደውን ዘንግ ደግሞ፣ ከፊት የፓትሮሉን፣ ከኋላ የዳትሰኗን አድርገው ቦዔዝ በቶርኖ አስተካክሎ አገጣጠመው።

«ቶሌ፣ አዴ የወርቅውሃ» አለ ዘንጉን በእጁ እያሽከረከረ። «ቀጥ ያለ ነው። ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው።»

ሞተሩ መኪናዋ ውስጥ ሆኖ መጀመሪያ የተነሳ ቀን፣ ጭስ አወጣ፣ ሳለ፣ ከዚያ በስድስቱም እኩል መምታት ጀመረ። የወርቅውሃ ቆማ አዳመጠችው። ኮፈኑ አልገጠመም፤ ለአልጋው እንደማይበቃ ብርድ ልብስ ከፊት ሲስቡት ከኋላ ይከፈታል። በገመድ አሰሩት። አፍንጫዋም ትንሽ አጎንብሷል። ይህን አይታለች፤ ግን ደስታዋ በለጠባት። ቅዳሜ ገበያ ቀን ልታስወጣት ቆረጠች።

ያን ቅዳሜ ሻዕባን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ወንበሩ ዝቅ ስለሚል ሁለት ሰው ደግፎ አስገባው። የገበያው ሰው ወሬውን ሰምቶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል፤ ሴቶቹ የማንጎ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው፣ ቀርከሃ የጫኑት ሳያወርዱ። የወርቅውሃ ማርሽ አስገባች። ዳትሰኗ ከደጃፉ ወጥታ ጥቂት ሄደች። ሰው እልል አለ። እሷም ያን ጊዜ፣ ለዓመታት የጠበቀችውን ልታገኝ፣ ነዳጁን ጫን አለችው።

ከሥራቸው ድው አለ። መኪናዋ ዘለለች። ዘንጉ ተበጥሶ ጫፉ መሬት ላይ ወረደና፣ ዳትሰኗ በግፊቷ እየሄደች መንገዱን እንደ ማረሻ ሰንጥቃ ቆመች። ቀዩ አፈር ከኋላዋ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ተገለበጠ።

ከዚያ አንዱ ከሕዝቡ መሃል «የትራክተር ሹፌርነት መች ይለቃታል፣ አረሰችው!» አለ። ገበያው በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ለእሷ ግን ፊቷን እንደ ነበልባል ነካት። ሻዕባን ከጎኗ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«የወርቅ፣ አትናደድ» አላት ዕንባውን እየጠረገ። «እኔ ከወንዝ ውስጥ ገልብጬ ቆሜያለሁ። አንተ ከመንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የቆመ። ይሄ ይሻላል።»

ወርዳ ስታይ ሰራዊት ከሰዎቹ መሃል ወጥቶ በመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብሎ ይመለከታል። እሱ አልሳቀም። ያ ደግሞ ከሳቁት ሁሉ የበለጠ አናደዳት። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ዞር ብሎ ሄደ።

ቦዔዝ ከሰዓት በኋላ መጣ። የተበጠሰውን ዘንግ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን መዝሙር የለም።

«አዴ፣ ያዋረድኩሽ እኔ ነኝ። ብየዳው ነው የከዳሽ።»

የወርቅውሃ ዘንጉን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። የተቀደደው ብየዳው አይደለም። ብየዳው እንዳለ ነው፤ ከጎኑ ያለው የዳትሰኗ ስስ ቱቦ ነው እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ የተተረተረው።

«ያንተ ይዟል» አለችው። «እይ እስቲ። የተቀደደው ብረቱ ነው።»

ቦዔዝ በጣቱ ዳሰሰው። ራሱን ነቀነቀ። ግን ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ አንዳቸውም አላወቁም።

ብዙ ቀን ዳትሰኗን ሸፍና ወደ ወፍጮዎቿ ሄደች። ለሰው ሁሉ «ተውኳት» ትላለች። በሰራዊት ጋራዥ በኩል ማለፍ ተወች፤ በጭቃ በኩል ዞራ ትሄዳለች። እታለም ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ አንድ ቀን ወጥ እያማሰለች፣ ቀና ሳትል፣ «ያ ሰውዬ በሚገባ ነው ጎንበስ ብሎ ያየው። እኔ አይቼዋለሁ። የሚያውቀው ነገር ሳይኖር አልቀረም» አለቻት።

«የማይሆን ነው ያለኝ እሱ አይደል?»

«አዎ። እንግዲህ ለምን እንደማይሆን ያውቃላ። አንቺ ደግሞ እሱን ነው የምትፈልጊው።»

ቁጣዋ እውነት መሆኑን፣ የእህቷም ንግግር እውነት መሆኑን ሁለቱንም አወቀች። በማግስቱ በጭቃው በኩል ሳትዞር ቀጥታ ሄደች። ሰራዊት አንድ መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ሰራዊት፣ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

እግሩ ተሰበሰበ። «ምን?»

«ያን ቀን ምን እንዳየህ።»

ተንሸራትቶ ወጣ። ተነስቶ ተቀመጠና እጁን ጠረገ።

«ቱቦው ስስ ነው። የፓትሮል ሞተር ጭነት ለመጎተት የተሠራ ነው፤ ከታች ሲነሳ ያለው ጉልበት ያንን ቱቦ እንደ ክር ይበጥሰዋል። ሁለተኛው፣ ሞተሩ ወደ ፊት በጣም ሄዷል። አፍንጫዋ የተደፋው ለዚያ ነው፤ ዘንጉም ጠማማ ሆኖ ነው የሚዞረው።»

«ለምን ያን ጊዜውኑ አልነገርከኝም?»

«ሰው ተሰብስቦ እየሳቀ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ደግሞስ የማይሆን ነው ያልኩት እኔው ነኝ። ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

አሰበች። «አልሰማህም ነበር» አለች።

ሰራዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ሞተሩ ግን ያምራል» አለ። «ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም ብልሽ ይሻላል። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ቢገባ ይሆናል። ግድግዳውን ከቆረጥሽው።»

ሦስቱ አብረው ሲሠሩ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሞተሩን እንደገና አወጡት። በሞተሩና በመቀመጫው መካከል ያለውን የብረት ግድግዳ ሰራዊት በሴጌቶ ቆርጦ ወደ ውስጥ ጎድጓዳ አደረገው፤ ቦዔዝ በየደው። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲገባ የአፍንጫዋ ማጎንበስ ቀነሰ፤ ከፊት ያሉትን ሞላዎች ጠንከር ባሉ ሲቀይሯቸው ደግሞ ጭራሽ ቀና አለች። ለዘንጉ ሰራዊት ከአንድ የሞተ ፊያት ጭነት መኪና ወፍራም ቱቦ ፈልጎ አመጣ። ቦዔዝ ሲያገጣጥመው መዝሙሩ ከግቢው ውጭ ይሰማ ነበር።

የቀረው ኮፈኑ ነው። ሞተሩ ከፍ ስላለ መሃሉን ቆርጦ ጉብታ መሥራት ያስፈልጋል። ጠንካራ፣ የጎበጠ ብረት ይፈለጋል ተባለ። የወርቅውሃ መጋዙን ይዛ የድሮው ጓሮ ሄደች። ሰማያዊዋ ቤላሩስ ገዢ አጥታ እዚያው ቆማለች። የኋላ ፓራፋንጎዋን ለመውሰድ ከጥበቃው አስፈቀደች፤ ሌላ ሰው እንዲቆርጠው ግን አልፈቀደችም። ራሷ ቆረጠችው። ስትጨርስ መዳፏን የትራክተሯ ኮፈን ላይ ጥቂት አሳርፋ ወጣች። እንዲህ ሆኖ ብርቱካን የነበረችው ዳትሰን ኮፈኗ ላይ ሰማያዊ ጉብታ ወጣላት። ቀለም ይቀባ ሲሏት «አይቀባም» አለች።

በዚህ ጊዜ ወደ ገበያ አልወጣችም። ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ወደ ሆሃ በሚወስደው መንገድ ቀስ ብላ ነዳቻት፤ ከዚያ ትንሽ ፈጠን፤ ሰራዊት ከኋላ በብስክሌት እየተከተለ፣ ቦዔዝ ዳር ቆሞ እየጸለየ። ዘንጉ ያዘ። ተመልሳ ሞተሩን ስታጠፋው ሦስቱም ጎንበስ ብለው ዘንጉን አዩት። ከዚያ ሰራዊት «እኔ የማይሆን ነው ያልኩት አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው ነው» አለ። የወርቅውሃም ይሁን ብላ አሳለፈችለት።

መንጃ ፈቃዷን ከትራክተር ወደ መኪና ያስቀየረችው በዚያው ሰሞን ነው። መኪናዋ ግን ታርጋ የላትም። የአዲሱ ክልል ትራንስፖርት ቢሮ ታርጋ መስጠት ጀምሮ ስለነበር ወሰደቻት። መርማሪው ሁንዴ የሚባል ከነቀምቴ የመጣ፣ ክራቫት የማይለየው ጨዋ ሰው ነው። ከጨረታው ጋር ያገኘችውን አሮጌ ሊብሬ አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ሰማያዊውን ጉብታ አየ።

«ወይዘሮ የወርቅውሃ፣ አካሉ ሌላ፣ ሞተሩ ሌላ፣ ኮፈኑ የትራክተር። እንዲህ ያለ መኪና በዚህ ክልል ተመዝግቦ አያውቅም።»

«ክልሉም ገና አዲስ ነው፣ አቶ ሁንዴ።»

ሳቀ። «እሱስ ልክ ነሽ። የሞተሩን ቁጥር ማስተካከል ይቻላል፤ ሕጉ አይከለክልም። ግን በዚህ መንገድ የምትሄድ መሆኗን በዓይኔ ማየት አለብኝ። ባምባሲ ደርሰን እንመለስ። ከመለሰችን እፈርማለሁ።»

የወርቅውሃ ሻዕባንን አስባ አመነታች። ከዚያ ግን እሱ ድርሻውን በገበያው ቀን ተቀብሏል ብላ ራሷን አጽናናች።

ማለዳ ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ቀይ ሊጥ ሆኗል። ከባምባሲ ወዲህ ያለው ዳገት ላይ ጭነት መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ወርደው በጎማቸው ሥር ቀርከሃና ድንጋይ ይጠቀጥቃሉ። አንደኛው የሚመጣውን አይቶ እጁን አወናጨፈ፤ ተመለሱ ማለቱ ነው። ሁንዴ «እንጠብቅ ይሆን?» አለ።

የወርቅውሃ መንገዱን አየች። ጭቃ የምታውቀው ነገር ነው፤ ስንት ዓመት በጭቃ ውስጥ ስታርስ ኖራለች። ጎማ የሚያስውጠው መቸኮል ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ እግሯን ሳታነሳ ሳትጨምር፣ ሞተሩን ከታች እንዲጎትት ተወችው። ለዚህ ነው የተሠራው። የመኪኖቹን ጎማ የዋጠውን ቦይ ትታ ዳር ዳሩን ያዘች። ዳትሰኗ ጅራቷ ትንሽ ተንሸራተተ፣ ተስተካከለ፣ እያጓራች ወጣች። ሾፌሮቹ አካፋቸውን ይዘው ቆመው አዩ። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ባርኔጣውን አነሳላት።

ባምባሲ ሻይ ጠጡ። ሰው መኪናዋን ከብቦ ጉብታውን ይነካካል። ሁንዴ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ፣ የልጅነቱን የነቀምቴ ታሪክ አወጋት፤ አጎቱ አውቶቡስ ሲነዳ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ እሱ ከኋላ ወንበር ሆኖ በቃሉ ይጠራ ነበር። መሪ ላይ ግን ተቀምጦ አያውቅም። ሲመለሱ ፀሐይ ወጥታ መንገዱን አድርቃው ነበር።

ወደ አሶሳ ሲቃረቡ መንገዱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሜዳው ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለመነሳት ተዘጋጅታ ጫፉ ላይ ቆማለች፤ ክንፎቿ ላይ ያሉት ሞተሮች ሣሩን ያስተኙታል። የወርቅውሃ ምንም አላቀደችም። አውሮፕላኗ ስትንደረደር አየች፣ መንገዱ ከፊቷ ባዶ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። እግሯ በራሱ ወረደ።

ሦስተኛ ማርሽ። የፓትሮሉ ሞተር ከማጓራት ወደ ሌላ ድምፅ ተሻገረ፤ እሷም የማታውቀው፣ እሱም ራሱ ጭነት ሲጎትት አውጥቶት የማያውቅ ድምፅ። አራተኛ ማርሽ። የቀርከሃው አጥር ከጎን በኩል አንድ ወጥ ግድግዳ ሆነ። የፍጥነት መቁጠሪያው መርፌ ከሞተ ስለቆየ ቁጥር የሚነግራት የለም፤ አውሮፕላኗ ግን ከጎኗ ነች። መጀመሪያ አውሮፕላኗ ቀደመች። ቀጥሎ የወርቅውሃ ደረሰችባት። ከዚያ እኩል ሆኑ፤ በመስኮቶቹ ውስጥ የተሳፋሪዎቹ ፊት ወደ እሷ ሲዞር አየች፣ አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። መሪው እጇ ላይ ሕይወት እንዳለው ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ትራክተር ስትነዳ የሚያንቀጠቅጣት ዓይነት አይደለም፤ ቀላል ነው፣ ወደ ላይ የሚስብ ነው። ዕንባዋ ወደ ጆሮዋ ሄደ፤ ከነፋሱ ይሁን ከደስታው አላወቀችም፤ ለማወቅም አልፈለገች።

አውሮፕላኗ አፍንጫዋን አነሳች፣ ከመሬት ለቀቀች፣ በላያቸው አለፈች። የወርቅውሃ እግሯን አነሳች።

ሁንዴ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ይዟል። ክራቫቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል። ከዚያ ክራቫቱን አውርዶ አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፍሬኗስ ይይዛል?»

ረገጠችው። ዳትሰኗ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይይዛል» አለና እስክሪብቶውን አወጣ።

ተጓዥ ለመሸኘት ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አይቷል። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ከተማ ገባ። ሲመሽ አሶሳ ውስጥ የወርቅውሃ አውሮፕላን ቀደመች የማይል ሰው አልነበረም። ሁንዴን ሲጠይቁት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነውና፣ «አልቀደመችም፤ እኩል ነበርን» ይላል፤ ነበርን የሚለውን ግን ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው። የመኪናዋ አዲስ ታርጋ የአዲሱ ክልል ምሕጻር፣ ቤጉ፣ የሚል ነበር። ቦዔዝ ራሱ አሰረላት።

ሻዕባንም በማግስቱ ጀለቢያውን ለብሶ ደጃፏ ላይ ተገኘ። «እኔን ትቶ ከመንግሥት ጋር ሄደ» ብሎ ወቀሳት። ሆሞሻ ድረስ፣ ልጁ ቤት ወስዳ መለሰችው። በመንገድ ላይ ባገኘው ሰው ሁሉ መስተዋቱን አውርዶ «ሞተሩ የኔ ነው» ይል ነበር፤ ሆሞሻ ሲደርሱ ግን ለልጁ ልጆች «ሞተሩ የኔ ነበር፤ ያስነሳው ይሄ ነው» ብሎ በእጁ አሳያቸው። የወርቅውሃ ይህን ሰምታ ሌላ ቦታ ዞር ብላ አየች፣ እንዳይታወቅባት።

ዓመት ሳይሞላ የሰራዊት ጋራዥ የሦስቱ ሆኖ አጥሩ ሰፋ። ቦዔዝ ለማሠልጠኛው ሌላ ሰው አስተምሮ ተክቶ፣ ሁለተኛ ቶርኖ ይዞ ገባ። የወርቅውሃ ወፍጮዎቿን አልተወችም፤ የምትሄደው ግን በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ አይደለም፤ የመፍቻ ከረጢቷን ከጎኗ ወንበር ላይ አስቀምጣ ነው። ሙሽሮችም ይጠይቋት ጀመር። ለሙሽሪት ትፈቅዳለች፤ ለሙሽራው ቦታ የለም፣ በሌላ መኪና ይከተል ትላለች፤ መሪውን ለማንም አትሰጥምና።

አንድ ቀን ከካማሺ የመጣ ቡና ነጋዴ፣ ሞተሩ የነደደ ፒክአፑን በሌላ መኪና አስጎትቶ በራቸው ላይ ቆመ። ስንት ቀን መንገድ እንደፈጀበት ከልብሱ ያስታውቃል። ኮፈኑን ከፍቶ የተቃጠለውን አሳያቸው።

«ሌላ መኪና ሞተር ይገጥማሉ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለ። «ለዚህ የሚሆን አለ እንዴ?»

ሰራዊት ጎንበስ አለ። ቦዔዝ ሜትሩን አወጣ። የወርቅውሃ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሰች።

«እስካሁን የለም» አለችው። «ግባ፣ ተቀመጥ፣ ሻይ ጠጣ። እንፈልግለታለን።»